ዱቤው በቁጥር ይከፈል ወይስ በዋጋው?

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም አንድ የደብረ ብርሃን ባለሱቅ ለሰፈሩ ሰው የ3,000 ብር ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በዱቤ ሰጠ እንበል። የተነጋገሩት በወሩ መጨረሻ ሊከፈል ነው። ባለዕዳው ግን ገንዘቡን ይዞ ብቅ ያለው ከዓመት በኋላ ሆነ። 3,000 ብሩን አንድም ሳያጎድል ቆጥሮ አስረከበ፤ ባለሱቁም ስሙን ከደብተሩ ሰረዘ። በነጋታው ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ስኳርና ያንኑ ሳሙና ሊያስመጣ ሲሄድ ግን 3,000 ብሩ አልበቃውም። ለመሆኑ ይህ ዕዳ ተከፍሏል? ወይስ የተከፈለው ቁጥሩ ብቻ ነው?

ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ነገሩ ግን የፈጠራ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ አብሮ ተነሣ። በዚያ ሰሞን በየሰፈሩ ሱቅ ባንኮኒ ሥር የተቀመጡት የዱቤ ደብተሮች ግን እንደነበሩ ነበሩ። ገንዘቡ ሲወርድ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ቁጥር አልተነቃነቀም። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከስሯል፤ ሌላው ደግሞ ሳያስበው አትርፏል። የጠፋውን ማን ይሸከም? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ዱቤ ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንመልከት። ዱቤ ዝም ብሎ የዘገየ ክፍያ አይደለም፤ የሰፈር ገንዘብ ነው። ባለሱቁ «ጻፍልኝ» የሚለውን ደንበኛ ስም በደብተሩ ላይ ሲያሰፍር ከባንክ ያልወጣ፣ የማንም ባለሥልጣን ፊርማ የሌለበት ገንዘብ ፈጠረ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የሚሠራው በዚያች ሰፈር ብቻ ነው። ሁለት መንደር ተሻግሮ ዳቦ አይገዛም። ዋስትናው መተዋወቅ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ደመወዙ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ። ከአንድ የወር ደመወዝ እስከ ሌላው ለመድረስ የሚንገታገት ቤተሰብ የሚበላው በዚህ ገንዘብ ነው።

ስለ ሰፈር ገንዘብ ካነሣን ሌላም አለ። «ዝርዝር የለም» ተብሎ በመልስ ፋንታ የሚሰጠን ማስቲካና ከረሜላም እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ከረሜላውን የሰጠን ባለሱቅ በማግስቱ ከረሜላውን መልሰን ብንሰጠው ዕቃ አይሸጥልንም። የሰጪው ሰው ራሱ መልሶ የማይቀበለው ገንዘብ ገንዘብ ሳይሆን ጫና ነው። ዱቤ ግን ይህን ፈተና ያልፋል፤ ባለሱቁ የጻፈውን ራሱ ያምነዋል። እንግዲህ የሐቀኛ ገንዘብ አንዱ መለኪያ ይህ ይሁንልን፦ ስትሰጠው የነበረውን ሲመልሱልህ ቅር ሳይልህ ትቀበለዋለህ ወይ?

የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ይህን መለኪያ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገበያዎች ለብዙ ዘመን ሰው ሲገበያይ የኖረው በአሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ ይወጣል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ በቀረበ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር በበረሃው አፋፍ የሚመነዝረው አሞሌ ብዙ ሲሆን ወደ መሐል አገር ሲገባ ጥቂት ይሆናል። ከደጋው በታች በይፋት በኩል የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚያ የደረሱ የአውሮፓ ተጓዦች አርብ አርብ ስለሚቆመው ገበያዋ ጽፈዋል። ከባሕር በኩል የመጣው ሸቀጥና የደጋው ምርት የሚገናኙት በዚያ ነበር።

አሞሌ ጉድለት ነበረው። በዝናብ ይሟሟል፤ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ይፋቃል፤ በጭነት ይሰበራል። ስብርባሪውና የተፋቀው እንደ ሙሉው አይቆጠርም ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው፤ ጉድለቱ በዓይን ይታያል። አስር ሙሉ አሞሌ የተበደረ ሰው አስር የተፋቀ አሞሌ ይዞ ቢመጣ ሁለቱም ያዩታል፤ ይነጋገሩበታል፤ ሽማግሌም ቢጠራ ሽማግሌው ያየዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ሲነገር ትርጉሙ ይሰፋል። ገንዘብ የሚከበረው ስለተባለ ሳይሆን ዋጋ ስላለው ነው።

ከጨው ጎን ለጎን የሚሠራበት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብርም ቢሆን በዓይን የሚፈተን ነበር። ገበሬውና ነጋዴው ከመቀበሉ በፊት የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣቦች ይመረምር ነበር። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው መልክ የተቀረጸ ብር በፓሪስ ሲያስመቱ ንጉሥ ያዘዘው ገንዘብ ሆኖ ሳለ አገሩ ለመቀበል ዘገየ፤ ጠገራው አልተፈናቀለም። ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገራችንን በወረረችበት ጊዜም ሊሬውን በግድ ልታስለምድ ሞክራ ሕዝቡ ጠገራውን አልለቅ ስላለ ራሷ በሮም ጠገራ ለማስመታት ተገደደች። ሕዝብ የማያምነውን ገንዘብ በትእዛዝ ብቻ ማስለመድ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከነጻነት በኋላ ጥቂት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተገበያየን። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም የኢትዮጵያ የራሷ የወረቀት ብር ወጣ። ልብ እንበል፤ «ብር» ማለት በቋንቋችን ያው ነጩ ማዕድን ነው። ስሙ ከማዕድኑ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ፤ ማዕድኑ ግን አብሮ አልተሻገረም። ወረቀቱን የሚያቆመው እምነት ነው። ይህን እንደ ነውር መቁጠር አይገባም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ከግመል ቆዳ ዲርሃም ለማሠራት አስበው «ያን ጊዜ ግመል ያልቃል» ስለተባሉ እንደተዉት በታሪክ ተጽፏል። ሐሳባቸው ራሱ ገንዘብ ከወርቅና ከብር ውጭም ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ኢማም አል-ገዛሊም ገንዘብን የራሱ ቀለም የሌለው፣ የሌሎችን ቀለም ሁሉ የሚያሳይ መስተዋት ጋር አመሳስለውታል።

ታዲያ መስተዋቱ ራሱ ሲጣመምስ? ችግራችን ያለው እዚህ ላይ ነው። የተፋቀ አሞሌ ጉድለቱ ይታያል፤ የወረደ ብር ግን ጉድለቱ አይታይም። ያ የ100 ብር ኖት በሰኔም በመስከረምም ያው 100 ብር ነው፤ ቀለሙ አልለቀቀ፣ ጠርዙ አልተቀደደ። ስለዚህ በመካከላቸው አንድም አጭበርባሪ ሳይኖር፣ ሁለቱም ሐቀኞች ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲቀየሩ ሲታወጅና አዲስ የ200 ብር ኖት ሲወጣ አሮጌው ኖት ሦስት ወር ተሰጥቶት ሰው ወደ ባንክ ተሰልፏል። የዱቤ ደብተሩ ግን መቀየር አላስፈለገውም። በአሮጌ ኖት ዘመን የተጻፈው ዱቤ በአዲስ ኖት ተከፈለ፤ የቁጥርና የዋጋ ልዩነትም ያኔ አልተነሣም። የ2016ቱ ግን ኖቱን ሳይነካ ዋጋውን ነካ።

ሊቃውንቶቻችን ይህን ጥያቄ ያነሡት ዛሬ አይደለም። ከወርቅና ከብር ይልቅ ከመዳብ የተሠሩ ሳንቲሞች፣ ማለትም ፉሉስ፣ በገበያ በተዘዋወሩበት ዘመን ዋጋቸው ወጣ ወረደ ይል ነበርና ተወያይተውበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ባለዕዳው የወሰደውን ያህል ቁጥር ይመልስ ብለዋል። ታላቁ ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን ዋጋው ከተለዋወጠ ውሉ የተፈጸመበት ቀን ዋጋ ይከፈል ወደሚለው ሄደዋል። በሐነፊይ መዝሀብ ውስጥ ሁለቱም አስተያየቶች ሲጠቀሱ ኖረዋል። በዘመናችን ደግሞ የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት (የዛሬው የእስላማዊ ትብብር ድርጅት) የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ተሰብስቦ የተረጋገጠ ዕዳ በአምሳያው ይከፈላል እንጂ በዋጋ ንረት እየተሰላ አይጨመርበትም ሲል ወስኗል።

ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ሥራ ነው፤ ጋዜጠኛ አይደፍረውም። ነገር ግን የሁለቱን ወገን ምክንያት ማስተዋል ለማንኛውም ገበያተኛ ይጠቅማል። «በዋጋው ይከፈል» የሚለው ወገን ፍትሕን ይዞ ይሟገታል፤ የወሰድከውን አቅም መልስ ነው የሚለው። «በቁጥሩ ይከፈል» የሚለው ደግሞ በሩን ፈርቷል። ዛሬ በዋጋ ንረት ስም የተጨመረ ነገ በጊዜ ስም ይጨመራል፤ መጨረሻው ሪባ ነው። የንረቱንስ መጠን ማን ይለካዋል? በዶላር ነው? በጤፍ ነው? በዘይት ነው? ባለሱቁ በጣም የተወደደውን፣ ባለዕዳው ያልተወደደውን መርጦ ቢያሰላ ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ከዚህም በላይ ባለዕዳው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ በ2011 ዓ.ም እስከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ደብረ ብርሃን የሠራተኛ ከተማ ሆናለች። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ የመጣው ወጣት ቤት ተከራይቶ የሚኖረው በወር ደመወዝ ነው፤ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣውም ከጎኑ አለ። ዶላሩ በእጥፍ ሲጠጋ የዚህ ሰው ደመወዝ በእጥፍ አልጠጋም። ዕዳው ከዶላር ጋር ይውጣ ቢባል ገንዘቡ ሲወርድ የተጎዳውን ሰው ሁለተኛ መጉዳት ይሆናል።

በዚህ ምክንያት እኔ ወደ ቁጥሩ አዘነብላለሁ። ባለሱቁ ዕቃውን በዱቤ ሲሸጥ ትርፉን አስቦ ሸጧል፤ ንግድ ደግሞ ከነሥጋቱ ነው። ትርፍም ዋስትናም ባንድነት የሚፈልግ ነጋዴ ከንግድ ወደ ወለድ እየተንሸራተተ ነው። ከዋጋ መውረድ መዳን ብቻ ከሆነ የፈለገው መንገድ አለ፤ ገበሬው እንደሚያደርገው አንድ ቁና ገብስ አበድሮ አንድ ቁና ገብስ መቀበል ይችላል። ግን ያ ብድር ነው፤ ትርፍ የለበትም።

ሆኖም «በቁጥሩ ይከፈል» ብለን እጃችንን ታጥበን መሄድ አንችልም። ቁጥሩ የሚበቃው በጊዜው ለተከፈለ ዕዳ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ነው። ገንዘብ በሚረጋበት ዘመን ዕዳን ማዘግየት ባለሐቁን ማስጠበቅ ነው፤ ገንዘብ በሚወርድበት ዘመን ግን ዕዳን ማዘግየት ከዕዳው ላይ መቁረስ ነው። ያለው ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ዛሬ ያ በደል ሁለት ስለት አለው። ኪሱ ውስጥ እያለው «እስቲ ትንሽ ይቆይ» የሚል ሰው በየወሩ ከባለሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ ሳሙና፣ አንድ ኪሎ ስኳር እያነሣ እንደሚሄድ ይቁጠረው። እጁን አልዘረጋም፤ መቆለፊያም አልሰበረም፤ ግን ዕቃው ጎድሏል። ቁርኣን በሚዛንና በስፍር የሚያጎድሉትን በስማቸው በተሰየመ ምዕራፍ አስጠንቅቋል። ስፍርን ማጉደል በቁና ብቻ አይደለም፤ በቀን መቁጠሪያም ይጎድላል።

ያጣው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የቸገረው ባለዕዳ እስኪያገኝ ይጠበቅ ዘንድ በሱረቱል በቀራህ ታዝዟል። ባለሱቁ የቸገረውንና የሚያጓትተውን መለየት አለበት፤ ሰፈር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራ እንደተቀነሰ ጎረቤት ያውቃል። ባንክ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ያጣው ሰውም ቢሆን አንድ ግዴታ ይቀርበታል፤ መደበቅ የለበትም። በሱቁ በር ማለፍ ትቶ በኋላ መንገድ የሚዞር ሰው ባለሱቁን ከገንዘቡ በላይ እምነቱን ያከስረዋል።

በጊዜው መክፈል ሳይችል ቀርቶ በኋላ ያገኘ ሰውስ? እዚህ ላይ ሕግ የሚቆምበትና ሥነ ምግባር የሚጀምርበት ቦታ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ተበድረው ከተበደሩት የተሻለ ግመል እንደመለሱ፣ ከሰዎች በላጩም አከፋፈሉ ያማረ እንደሆነ እንዳስተማሩ ተዘግቧል። ያ ጭማሪ በውል አልተጠየቀም፤ በቅድሚያ አልተነገረም፤ ስለዚህ ሪባ አይደለም። ከዓመት በኋላ 3,000 ብሩን የመለሰው ሰው አቅሙ ካለው በራሱ ፈቃድ ከላዩ ጣል ቢያደርግ ያማረ አከፋፈል ነው። ባለሱቁ ግን ሊጠይቀው፣ ፊቱን ሊያጠቁርበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሊነፍገው አይገባም። የተጠየቀ ስጦታ ስጦታነቱ ይቀራልና።

ነጋዴውም የራሱ ፈተና አለበት። በዚያው በሐምሌና በነሐሴ 2016 ዓ.ም በአሮጌ ዋጋ ያስገቡትን ዕቃ በአንድ ሌሊት ያስወደዱ፣ ከመደርደሪያ አውርደው የደበቁ ነጋዴዎች እንደነበሩ ተነግሯል፤ በአዲስ አበባም የታሸጉ ሱቆች ነበሩ። «መተኪያውን የምገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው» የሚለው መልስ እውነትነት አለው። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ እንዲተምኑ ተጠይቀው እንዳልፈቀዱም ይታወቃል። ዋጋ መውጣቱ ወንጀል አይደለም፤ ሰው እየቸገረው ዕቃ መደበቅ ግን ነው። በመደርደሪያው ላይ ባለው ዕቃ ከገንዘቡ መውረድ ያተረፈ ነጋዴ፣ በደብተሩ ባለው ዱቤ የደረሰበትን ኪሳራ ብቻ ነጥሎ ማልቀስ የለበትም። ሁለቱን ሒሳብ ባንድ ገጽ ይጻፋቸው። ያኔ ኪሳራው ካሰበው ያንስ ይሆናል።

ገንዘቡን የሚያወጣው አካልም ከዚህ ሒሳብ አይወጣም። ግብፃዊው የታሪክ ሊቅ አል-መቅሪዚ ከ600 ዓመት በፊት አገሩ በረሃብና በውድነት ስትጠበስ ከምክንያቶቹ አንዱ የመዳብ ፉሉስ መብዛት መሆኑን ጽፏል። ገንዘብን ማርከስ በየቤቱ ያለውን ውል ሁሉ ሳያስፈቅዱ መቀየር ነው። ይህ የባለሱቁን ብቻ አይመለከትም። ከወለድ ርቆ የሚቆጥብ ሙስሊምም እዚያው ነው። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቅዶ፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ፣ ሒጅራ ባንክም ተከትሎ፣ ብዙ ወገኖቻችን ገንዘባቸውን ወደዚያ አስገብተዋል። ቁጠባቸውን በአማና ብቻ ያስቀመጡት፣ ወለድ የማይነካቸው ሆነው፣ የገንዘቡ መውረድ ግን ይነካቸዋል። ስለዚህ የዱቤ ጥያቄ የባለሱቅ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ዱቤን ለምን አልተወውም?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። «ዱቤ የለም» የሚለውን ማስታወቂያ በየሱቁ እናያለን። ይህ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ደመወዙ በ20ኛው ቀን ያለቀበት ቤተሰብ ነው። ያ ቤተሰብ ዱቤ ሲያጣ መብላቱን አያቆምም፤ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ሪባን ሸሽተን ዱቤን ብንዘጋ ወደ ሪባ የሚገፉትን ሰዎች አበዛን ማለት ነው።

ሰፈሩም ራሱ እየተለወጠ ነው። ዱቤ የቆመው በመተዋወቅ ላይ ነው ብለናል። ከተሞቻችን ሲሰፉ፣ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ መተዋወቁም ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል። የፈረሰው ቤት ብቻ አልነበረም፤ በየሱቁ ደብተር ላይ የነበረው የሰፈር ገንዘብም አብሮ ተበትኗል። ሩቅ ሄዶ የሰፈረ ባለዕዳ ማንም አያየውም፤ ማንም አይጠይቀውም። ያን ጊዜ ነው የሰው ልክ የሚታወቀው። አውቶቡስ ተሳፍሮ የድሮ ሰፈሩ ባለሱቅ ያለበትን አጠያይቆ ዕዳውን የሚከፍል ሰው፣ ሰፈሩ ቢፈርስም እምነቱን ይዞ ወጥቷል።

እንግዲህ ተግባራዊ የሆነውን እናስብ። የቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር መሆኑ በከንቱ አይደለም። ዱቤ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ይጻፍ፤ በሁለቱም ዘንድ ይኑር። ረዥም ዱቤ ወደ አጭር ይቀየር፤ የሦስት ወር ቀርቶ የወር፣ የወር ቀርቶ የሁለት ሳምንት ይሁን። ጊዜው ሲያጥር የሚጠፋው ዋጋም ያጥራል። ከነዋሪውም ከነጋዴውም የሚታመኑ ሽማግሌዎች ያጣውን ከሚያጓትተው ይለዩ፤ ላጣው ከዘካና ከሰደቃ የሚከፈልበትን መንገድ ይፈልጉ። ባለዕዳ ከዘካ ተቀባዮች አንዱ መሆኑን አንርሳ። ዑለማዎቻችንም በወረደ ብር ዕዳ ላይ ለሕዝቡ በሚገባ ቋንቋ ያስተምሩ፤ በየሰፈሩ የሚነሣው ክርክር መልስ ይፈልጋልና።

ቀኑ ሲደርስ በኪሱ ያለ ሰው ግን ፈትዋ መጠበቅ አያስፈልገውም። ዛሬ የሚከፍል ሙሉውን ይከፍላል፤ ነገ የሚከፍል ጥቂት አጉድሎ ይከፍላል፤ ከነገ ወዲያ የሚከፍል ደግሞ የበለጠ ያጎድላል። ዱቤ ያለብን እንደሆነ ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ።

ወላሁ አዕለም።